ገንዘቤን ይዘውብኛል፣ ፓስፖርቴን ልስጣቸው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል።

«ጋሼ፣ የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። ዓባይ ማዶ ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ለአንድ የውጭ አገር ደንበኛ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ፤ የሚከፍለኝ በዩኤስዲቲ (የዶላርን ዋጋ በሚከተለው ዲጂታል ገንዘብ) ነው። ገንዘቡ የሚገባልኝ የክሪፕቶ ኤክስቼንጅ (የዲጂታል ገንዘብ መገበያያ) ላይ ስመዘገብ ኢሜይል ብቻ ነው የጠየቁኝ። ሰባት ወር ሙሉ ገንዘብ ሲገባልኝ ማን ነህ ያለኝ የለም። አሁን 1,140 ዩኤስዲቲ ሞልቶ ላወጣ ስል ‹ማንነትህን አረጋግጥ› ብለው ያዙብኝ። የቀበሌ መታወቂያ ላክሁ፣ አልተቀበሉም። ፓስፖርት ላክሁ፣ ‹መረጃው አይዛመድም› አሉኝ። የፊት ምርመራውን ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል በረንዳ ላይ ሆኜ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ወደቅሁ። አሁን ደግሞ የአድራሻ ማስረጃና የገንዘቡን ምንጭ አምጣ ይላሉ። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ብጽፍ፣ የኤክስቼንጁ ሰፖርት ነኝ ያለ ሰው በውስጥ መጥቶ 120 ዶላር ክፈልና እከፍትልሃለሁ አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ቬሪፋይ የተደረገ የሌላ ሰው አካውንት እንግዛ ይለኛል። ገንዘቤ ጠፍቷል? ፓስፖርቴን ለማላውቀው ድርጅት መስጠትስ ልክ ነው?»

ወንድምዓለም፣ ከሁሉ በፊት 120 ዶላሩን አትላክ። ዛሬም አትላክ፣ ነገም አትላክ። ሰውየውን ብሎክ አድርገው። ትክክለኛ ኤክስቼንጅ የያዘውን ገንዘብ ለመልቀቅ ሌላ ገንዘብ አስገባ አይልም። ክፍያ ካለው ከያዘው ላይ ይቆርጣል። «የማስከፈቻ»፣ «የግብር»፣ «የማረጋገጫ ዲፖዚት» እያለ አዲስ ገንዘብ የሚጠይቅህ ሁሉ ሌባ ነው። ይህን ያለምንም ጥርጥር እነግርሃለሁ። ሰውየው ያገኘህ ግሩፑ ላይ ችግርህን ስለጻፍክ ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ሥራቸው የተጨነቀ ሰው መጠበቅ ነው። የይለፍ ቃልህን ወይም በኤስኤምኤስ የሚመጣልህን ኮድ ሰጥተኸው ከሆነ ይህን ጽሑፍ ማንበብ አቁምና መጀመሪያ የይለፍ ቃልህን ቀይር።

ቀጥሎ አንድ ነገር አብረን እናጣራ። ኤክስቼንጁ ራሱ እውነተኛ ነው? አፑን ያወረድከው ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር ነው ወይስ ሰው ከላከልህ ሊንክ? ያስተዋወቀህ ማን ነው? ከአፑ ውጭ በኢንተርኔት ያወቅከው «ጓደኛ» ከሆነና ስለ ትርፍ ያወራህ ከነበረ እጅግ ተጠንቀቅ። በሐሰተኛ መድረክ ላይ የምታየው ሂሳብ ስክሪን ላይ የተጻፈ ቁጥር ብቻ ነው። የድርጅቱን ሙሉ ሕጋዊ ስም ከውሉ ግርጌ ፈልግ። ፈቃድ አለኝ የሚል ከሆነ ፈቃዱን የሰጠው አገር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መዝገቡን በድረ ገጹ ያወጣል፤ እዚያ ገብተህ ስሙን ፈልግ። ድርጅቱ ራሱ የለጠፈውን የምስክር ወረቀት ፎቶ አትመን።

ያንተ ጉዳይ ግን ወደ እውነተኛው ያደላል። ገንዘቡን ያስገባው ደንበኛህ ነው። ትርፍ ቃል የገባልህ የለም። የጠየቁህም ሰነድ እንጂ ገንዘብ አይደለም። 120 ዶላሩን የጠየቀህ ሌላ ሰው ነው። እነዚህን ሁለቱን አትቀላቅላቸው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። በኤክስቼንጁ ይናደድና ሌባውን ያምናል።

ለማረጋገጥ ደንበኛህ የላከበትን የትራንዛክሽን ቁጥር ተቀበለው። ዩኤስዲቲ ከሚላክባቸው ኔትወርኮች አንዱ በሆነው በትሮን ከሆነ፣ የትሮንን ዝውውሮች በሚያሳየው ድረ ገጽ፣ ትሮንስካን ላይ ታየዋለህ። ገንዘቡ ወዳንተ አድራሻ ገብቶ ወዲያው ወደ ሌላ ትልቅ አድራሻ ሲሄድ ካየህ አትደንግጥ። ኤክስቼንጆች የደንበኞችን ገንዘብ እንዲህ ወደ አንድ ቋት ይሰበስባሉ። ባንክም ያስገባኸውን ብር ለብቻው አያስቀምጥልህም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ ልምጣ። ሰባት ወር ዝም ብለው ለምን አሁን?

እኔ ለዓመታት ባንክ ውስጥ የደንበኛን ማንነት የሚያጣራ ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። ሰነድ ስመልስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ የሚያስቡትን አውቃለሁ። ጥያቄው ያንተ ጠባይ አይደለም። ፋትፍ የሚባለው የገንዘብ ማጠብን የሚከላከል ዓለም አቀፍ ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2019 የክሪፕቶ ድርጅቶችም እንደ ባንክ ደንበኛቸውን ማወቅ አለባቸው የሚል መመሪያ አወጣ። ግብረ ኃይሉን እኛም እናውቀዋለን፤ አገራችን ከየካቲት 2009 እስከ ጥቅምት 2012 ዓ.ም. በክትትል ዝርዝሩ ላይ ነበረች። ትልቁ የክሪፕቶ ኤክስቼንጅ ባይናንስ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ማንነትን ማረጋገጥን ለሁሉም ደንበኛ ግዴታ አደረገ። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 አሜሪካ ውስጥ ጥፋቱን አምኖ ከ4.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። ሌላው ኤክስቼንጅ ኩኮይንም እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ጥፋተኛ መሆኑን አምኖ ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ፈርተዋል። ፍርሃታቸው ነው ዛሬ አንተ ላይ የወደቀው።

ይህን ስል ግን ትክክል ናቸው ማለቴ አይደለም። ሲገባ በሩን ከፍቶ፣ ሲወጣ ዘግቶ መታወቂያ መጠየቅ በደል ነው። መጠየቅ የነበረባቸው መጀመሪያ ቀን ነው። ያኔ ጠይቀው ቢሆን ሰነድህ እንደማይሞላ አውቀህ ሌላ መንገድ ትፈልግ ነበር። ይህ ያናድደኛል፤ ሕጉን ስለማውቅ ደግሞ የበለጠ ያናድደኛል። ሆኖም ገንዘቡ የሚወጣው በንዴት አይደለም፣ በሚዛመድ ሰነድ ነው።

«አይዛመድም» ማለታቸው ሐሰተኛ ነህ ማለት አይደለም። አንተ ፎርሙ ላይ የጻፍከውና ፓስፖርቱ ላይ ያለው አንድ አይደለም ማለት ነው። የእኛ አገር ሰው እዚህ ጋ የሚወድቅበት ምክንያት ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ስምና ቀን።

ከስሙ እንጀምር። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። ፎርሙ ግን «ፈርስት ኔም» እና «ላስት ኔም» ይላል። አንዱ በ«ላስት ኔም» ላይ የአባቱን ይጽፋል፣ ሌላው የአያቱን። ፓስፖርትህን ክፈትና «ሰርኔም» በሚለው ሥር የማን ስም እንደተጻፈ እይ። እንዲህ ቢሆን ይሻል ነበር ብለህ አትከራከር፤ እሱኑ ቅዳ። ከዚያ ከፎቶው ገጽ ግርጌ ያሉትን ሁለት መስመሮች ተመልከት። እያንዳንዳቸው 44 ፊደልና ምልክት አላቸው። ኮምፒውተሩ በዋናነት የሚያነበው እነሱን ነው። እዚያ ላይ ያለው አጻጻፍ ሕግህ ነው።

የፊደሉም ነገር አለ። ጸጋዬ የሚለውን አንዱ በ«ቲ» ይጀምረዋል፣ ሌላው በ«ኤስ»። ኃይሉ በአንድ ወረቀት በ«አይ»፣ በሌላው በ«ዋይ» ይጻፋል። ለእኛ አንድ ስም ነው። ለማሽኑ ሁለት ሰው ነው። የባንክ ደብተርህ፣ ፋይዳህና ፓስፖርትህ ላይ ስምህ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደተጻፈ ጎን ለጎን አድርገህ አስተያይ። የማይመሳሰል ካለ የሚቀየረው ፓስፖርቱ አይደለም፤ የኤክስቼንጁ ፎርም ነው።

እኔም በዚህ ነገር ተቃጥያለሁ። አንድ የውጭ ክፍያ መድረክ፣ ስሙ ይቅር፣ የሠራሁበትን ገንዘብ 11 ሳምንት ይዞብኝ ነበር። ምክንያቱ ባንኩ ስሜን በሦስት ስም፣ መድረኩ በሁለት ስም መዝግቦት ነው። በኋላ የተፈታው ባንኩ «ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው ናቸው» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ጽፎልኝ ነው። ደብዳቤው አራት መስመር ነበር። ያን ደብዳቤ በመጀመሪያው ሳምንት ባስጽፈው ኖሮ እላለሁ እስከ ዛሬ።

ቀኑ ደግሞ ከስሙ ይብሳል። የተወለድከው ጥቅምት 12 ቀን 1988 ዓ.ም. ነው እንበል። ስትመዘገብ እንደ ልማድህ 12፣ 2፣ 1988 ብለህ ሞላህ። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነዋ! ኤክስቼንጁ ያነበበው ግን ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1988 ነው። ፓስፖርትህ ደግሞ ኦክቶበር 23 ቀን 1995 ይላል። ለእነሱ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር የሚበላለጡ ሁለት ሰዎች ቀረቡ። ስታሰላም ሰባት ወይም ስምንት ብቻ ደምረህ አትተው። ከመስከረም እስከ ፈረንጅ ዲሴምበር መጨረሻ ያለው ሰባት ይደመርበታል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ስምንት። ጳጉሜን ስድስት ሆና ከዋለች ደግሞ ቀጥሎ ያለው ዓመት መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ይውላል፤ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ቀኑ ሁሉ በአንድ ይገፋል። 1988 እንደዚያ ያለ ዓመት ነበር። ለዚህ ነው ጥቅምት 12 በ22 ሳይሆን በ23 የዋለው። ፓስፖርትህ ላይ ያለው ቀን በስሌት ስህተት በአንድ ቀን የተዛነፈ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ለኤክስቼንጁ የምትሞላው ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ነው።

የቀበሌ መታወቂያውን ያልተቀበሉት አይገርመኝም። በአማርኛ ነው፣ ቀኑም በእኛ አቆጣጠር ነው። ኮምፒውተሩ አያነበውም። ደግመህ አትላከው። በተመለሰ ሰነድ ላይ የተመለሰ ሰነድ ሲደረብ ፋይልህ አጠራጣሪ ይመስላል። ሁለተኛ አካውንትም እንዳትከፍት። አንድ ፊት በሁለት አካውንት ሲመጣ ሁለቱንም ሊዘጉ ይችላሉ።

ፊቱን ሐይቁ ዳር መሞከርህ ለዋይፋዩ ብለህ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ጣና ከኋላህ ሲያንጸባርቅ ፊትህ በስልኩ ካሜራ ጥቁር ይሆናል። ቤት ውስጥ ሁን። መስኮቱን ከፊት ለፊትህ አድርገው፣ ከጀርባህ ግድግዳ ይሁን። ቪፒኤን (ያለህበትን አገር የሚለውጥ አፕ) ካለህ አጥፋ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ክልላችን ላይ ሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለረጅም ወራት ስንቸገር ብዙዎቻችን በሆቴል ዋይፋይና በቪፒኤን መሥራት ለምደናል። ኤክስቼንጁ የሚያየው ግን ጠዋት ከኔዘርላንድ፣ ማታ ከሲንጋፖር የሚገባ ሰው ነው። ፓስፖርቱ ኢትዮጵያዊ፣ መግቢያው አውሮፓ ሲሆን ይጠረጥራሉ። እንዲያ ያደረግከው ካለ ደብቀህ አትለፈው። ከነምክንያቱ በአንድ አንቀጽ ጻፍላቸው። ኢንተርኔቱ መዘጋቱ ዓለም የሚያውቀው ነገር ነው።

የአድራሻ ማስረጃው አስቸጋሪ ነው። የሚፈልጉት ስምህና አድራሻህ ያለበት፣ ብዙ ጊዜ ከሦስት ወር ያልበለጠ ወረቀት ነው። አንተ ተከራይ ነህ። የመብራቱም የውሃውም ቢል በአከራይህ ስም ነው። የአከራይህን ቢል አትላክ፣ ስምህ ስለሌለበት ይመለሳል። የሚያዋጣህ የባንክ ስቴትመንት ነው። ቅርንጫፍህ ሂድና በእንግሊዝኛ፣ ማኅተም ያለበት፣ አድራሻህ ከላይ የተጻፈበት ስቴትመንት ጠይቅ። ባንኩ ጋ ያለህ አድራሻ የቆየ ከሆነ መጀመሪያ አስቀይረው። አድራሻውን «ባሕር ዳር» ብቻ ብለው እንዳይጽፉ። ክፍለ ከተማውና ቀበሌው ይግባ። የቤት ቁጥር ካለ እሱም ይግባ። ከዚያ ፎርሙ ላይ ያንኑ ፊደል በፊደል ጻፍ።

የገንዘቡ ምንጭ ላይ አንተ ከብዙ ሰው ትሻላለህ፤ ሠርተህ ነው ያገኘኸው። ደንበኛህ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይጻፍልህ፤ ምን እንደሠራህለት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በወር ስንት እንደከፈለህ፣ ከየትኛው አድራሻ እንደላከ። የሰባቱን ወር ክፍያዎች ከነትራንዛክሽን ቁጥራቸው በአንድ ሠንጠረዥ አስቀምጥ። ስለ ሥራው የተጻጻፋችሁትን ኢሜይል አያይዝ። ሁሉንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ቲኬት (በአንድ የእርዳታ ጥያቄ መዝገብ) ላክ። ሰነድ እያጣራሁ በነበርኩበት ጊዜ በየቀኑ አንድ አንድ ወረቀት የሚልክ ሰው ፋይል ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀር ነበር። ሙሉ አድርጎ የሚያመጣው ይቀድማል።

አንድ የከበደ ሁኔታ አለ፣ ልደብቅህ አልፈልግም። ደንበኛህ የላከው ዩኤስዲቲ ቀደም ሲል በተሰረቀ ገንዘብ ወይም ማዕቀብ በተጣለበት አድራሻ ያለፈ ከሆነ ጉዳዩ የአንተ ማንነት ብቻ አይሆንም። ኤክስቼንጆች የገንዘቡን መንገድ ወደ ኋላ የሚከታተሉ ፕሮግራሞች አሏቸው። ዩኤስዲቲን የሚያወጣው ቴዘር ራሱ አንድን አድራሻ ማገድ ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ጥያቄው ከመታወቂያ አልፎ «ይህችን የተወሰነች ክፍያ አስረዳ» ወደሚል ይለወጣል። የደንበኛህ ደብዳቤ ያኔም ይጠቅምሃል።

ጓደኛህ ያለውን አካውንት መግዛት ተወው። የተያዘው ገንዘብ በዚህ አካውንት ነው፤ ሌላ አካውንት ብትገዛ ይህንን አያወጣልህም። የተገዛውም የባለቤቱ ፊት የተመዘገበበት ነው። የፊት ምርመራ እንደገና በጠየቁ ቀን አንተ ውጭ ትቀራለህ፣ እሱ ይገባል። የሐሰት ሰነድ ደግሞ ዛሬ ንጹሕ የሆነውን ጉዳይህን ወንጀል ያደርገዋል። ጓደኛህ ክፉ አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን አትስማው።

ፓስፖርቴን ልስጥ ወይ ላልከው፣ ፍርሃትህ ትክክል ነው። ትልልቆቹም ያፈሳሉ። የአሜሪካው ኤክስቼንጅ ኮይንቤዝ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 እንዳስታወቀው ውጭ አገር ያሉ የደንበኛ አገልግሎት ሠራተኞች ጉቦ በልተው ከ69 ሺህ በላይ ሰዎችን መረጃ፣ የመታወቂያ ምስል ጭምር፣ አሳልፈው ሰጥተዋል። እኔ ግን ያንተን ጉዳይ ስመዝነው፣ የድርጅቱን ማንነት ካጣራህ በኋላ ስጥ እላለሁ። አንድ ጊዜ ልከኸዋል፤ ሌላውም መንገድ ዝግ ነው። የምትሰጠው ግን በአፑ ውስጥ ብቻ ነው። በቴሌግራም አይደለም፣ በኢሜይል ሊንክም አይደለም። ስካን ለማድረግ ፔዳ (የዩኒቨርሲቲው ግቢ) በር ላይ ወዳለው ፎቶ ኮፒ ቤት አትሂድ። በራስህ ስልክ አንሳው። ፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ የስንቱ ሰው ፓስፖርት ተቀምጦ እንደሚቀር አይቻለሁ። የሄድክ ከሆነ ተመለስና ፋይሉን ፊትህ አስጠፋው፣ «ሪሳይክል ቢን»ን ጭምር።

ሰነዱን ሁሉ ከላክህ በኋላ ሁለት ሳምንት ጠብቅ። መልስ ካልመጣ ያንኑ ቲኬት ቀጥልበት፣ አዲስ አትክፈት። ከዚያ «ይህ መደበኛ ቅሬታ ነው» ብለህ ጻፍ። ቃሉ ለውጥ አለው፤ ፈቃድ ያለው ድርጅት ቅሬታን የሚያስተናግድበት ሥርዓት እንዲኖረው ብዙ ጊዜ ይገደዳል። እምቢ ካለ ፈቃድ ለሰጠው ተቆጣጣሪ ጻፍ። ብዙ ጊዜ ነጻ ነው። «ገንዘብህን አስመልስልሃለሁ» የሚል ድርጅት ቢመጣ የ120 ዶላሩ ሰውዬ ወንድም ነው።

አገር ውስጥ የት ልክሰስ እንዳትለኝ። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየትና መክፈል ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። ብር ነው ሕጋዊ መገበያያችን። ስለዚህ እዚህ የሚጠብቅህ ሕግ ቀጭን ነው፣ በፒቱፒ (በቀጥታ ለሌላ ሰው በመሸጥ) ወደ ብር ስትለውጥም የማታውቀው ሰው ብር ባንክህ ገብቶ አካውንትህ ሊታገድ ይችላል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ወዲህ ግን በአገር ውስጥ የሚኖር ሰው ከውጭ የሚመጣለትን ክፍያ የሚቀበልበት የውጭ ምንዛሪ አካውንት መክፈት ተፈቅዷል። ባንክህ ለስቴትመንቱ ስትሄድ ስለዚህም ጠይቅ። ደንበኛህ የሚቀጥለውን ወር ክፍያ እዚያ ቢልክልህ ደስ ይለኛል።

አሁን አንድ ነገር አድርግ። «አይዛመድም» ያሉበትን መልእክት ስክሪንሾት አድርገህ ስምህን፣ ኢሜይልህንና ቁጥሮቹን ሁሉ ሸፍነህ ላክልኝ። ፓስፖርትህን ለእኔም አትላክ። ፎርሙ ላይ የትውልድ ቀንህን እንዴት እንደሞላህ ቁጥሩን ሳትነግረኝ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ብቻ ጻፍልኝ። ችግሩ ያለው እዚያ ይመስለኛል።